ልብን የሚጠብቅ ሰላም
(ፊልጵስዩስ 4፥7)

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እግዚአብሔር ሰላም ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። ሰንሰለቱ አልተፈታለትም፤ ልቡ ግን አርፎ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰላም ከመከራ ማምለጥ አይደለም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ከእስር በተፈቱ ጊዜ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። እርሳቸው ግን መንጋቸውን በፈተና ሰዓት ትተው መሄድን እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀንም ተወስደው ተገደሉ።

ሰው ነፍሱን በገዛ እጁ ሊጠብቃት ሲጨነቅ ሰላሙን ያጣል፤ ለሞተለትና ለተነሣለት ጌታ አደራ የሰጣት ግን በጨለማም ያርፋል። ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምትፈሩትን ሁሉ አንድ በአንድ በጸሎት ንገሩት፤ ለእርሱም ተዉለት። አሜን።