የቀረው አንዱ ዓሣ

በውጭ አገር የሚኖሩ አጎቴ በቤታቸው የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ አላቸው። «ሰላማዊ ነው፤ በመንጋ ይኖራል» ሲሏቸው 7 አረንጓዴ ክሮሚስ ገዙ። በዓመቱ አንዱ ብቻ ቀረ። አሁን «ብቻውን መሆኑ አሳዘነኝ፤ 6 ልጨምርለት ወይ?» ብለው ጻፉልኝ።

ክሮሚስ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ድረስ የሚገኝ ትንሽ ዓሣ ነው። በቅርንጫፋማ ኮራል ላይ ብዙ ሆኖ ይኖራል፤ አዳኝ ሲመጣ ሁሉም ከቅርንጫፎቹ መካከል ይሸሸጋሉ። በባሕርም ቢሆን ብርቱው ደካማውን ይገፋል፤ ነገር ግን የተገፋው ጥቂት ዋኝቶ ከብዙዎቹ መካከል ይሰወራል። በመስታወት ውስጥ ግን ወዴት ይሂድ? ማዕዘን ይዞ ምግብ ያጣል፣ ይከሳል፣ ይሞታል፤ ተራውም ለሚቀጥለው ይደርሳል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ዓሣው ጠባዩን አልለወጠም። አጎቴም (ደግነታቸውን ስለማውቅ ይህን መጻፍ ይከብደኛል) ምግብ አላጓደሉም፤ ውኃውንም በየጊዜው ይለውጣሉ። ቦታውን ያጠበቡት ግን እርሳቸው ናቸው። ለአንዱ ብቸኝነት አዝነን 6ቱን ለዚያው ዕጣ ብናመጣ፣ የምናዝነው ለዓሣው ነው ወይስ መንጋውን ማየት ለለመደው ዓይናችን?

«አይጨምሩ» ብዬ መለስኩላቸው። «ታዲያ ይኸኛውስ?» አሉኝ። ገና አልመለስኩላቸውም።