ስለ ጉዞ ቅደም ተከተል

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ ቆላ የሚወርድ ሾፌር በአንድ ቀን ዐሥር ደጆችን ሊያዳርስ ቢሻ፣ ተራው በ3,628,800 ዓይነት ሊደረደር ይችላልና፣ አጭሩን መርምሮ ማግኘት ለሰው ልቡና ስለሚከብድ ተራውን የሚያሰላ ነጻ መሣሪያ መፈለጉ የተገባ ነው። ጉግል ማፕስ የማረፊያዎቹን ተራ ራሱ አያስተካክልም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ ከተሠሩት መሣሪያዎች ግን ተራውን የሚያሰሉ አሉ። ሆኖም ስሌት ርቀትንና ጊዜን እንጂ ርትዕን አይመዝንም፤ መድኃኒት የምትጠብቅ ድውይ መበለት፣ ቤቷ በአጭሩ ጎዳና ፍጻሜ ቢሆንም እንኳ፣ ቀዳሚ ልትሆን ይገባታል፤ ይህንንም የሚፈርድ ኅሊና ብቻ ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ተራውን በእጅህ እንድትለውጥ የሚፈቅድልህን መሣሪያ ምረጥ።