ከሰቀልን በኋላስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችን ስለ ምድራዊ ኑሮ እንዳንጨነቅ ሲያስተምረን ምሳሌ አድርጎ ያሳየን የሰማይ ወፎችን ነው (ማቴ. 6፥26)። ይህን ክፍል ባለፈው ዐቢይ ጾም ካጠናን በኋላ፣ እርሱ ከሚመግባቸው ፍጥረታት ጋር እኛም ጥቂት እንካፈል ብለን በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ የወፎች መመገቢያ ልንሠራ ተነሣን።

ገንዘብ አላወጣንም። አንዳችን ባዶ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ሌላችን የተሰበረ ማማሰያ፣ ሌላችን ሲባጎ ከየቤታችን አመጣን። ጀሪካኑን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበን ቅባቱን አስለቀቅን። በሁለት ጎኖቹ የሚተያዩ መስኮቶች ቆረጥን፤ እህሉ እንዳይፈስስ የመስኮቶቹን ደፍ ከታቹ አራት ጣት ያህል ከፍ አደረግነው። የወፎቹን እግር እንዳይቆርጥም ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። የገባው ዝናብ እንዲወርድ ምስማር በእሳት አግለን ከታች ትንንሽ ቀዳዳዎች በሳን። ማማሰያውን ከመስኮቶቹ በታች አሻግረን ማረፊያ አደረግነው፤ ድመት እንዳይደርስበትም ከግንዱ ራቅ አድርገን ከቅርንጫፍ ላይ ሰቀልነው። ምግቡ ከየቤታችን ሰፌድ የተራረፈ ማሽላና ስንዴ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንቢጦች መጡ፤ ዋኔዎችም ተከተሏቸው። እኛም ደስ አለን፤ እግዚአብሔርንም አመሰገንን። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እህል ከመጨመር በቀር ዞር ብለን አላየነውም።

ሐምሌ ላይ ከሕፃናት ክፍል አንድ ልጅ መጥቶ «እዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው እህል አረንጓዴ ሆኗል» አለን። አውርደን ስናየው ቀዳዳዎቹ በገለባና በኩስ ተደፍነዋል፤ ውኃ አቁሯል፤ እህሉም ሻግቷል። የሻገተ እህል ወፎችን ያሳምማል፤ ያልጸዳ መመገቢያም በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ትሪኮሞኖሲስ የተባለ በሽታ፣ ወፎች በሚሰባሰቡባቸው መመገቢያዎች ጭምር እየተላለፈ፣ የግሪንፊንችን ቁጥር ክፉኛ ቀንሷል። እኛም ምጽዋት ሰጠን ብለን ስንደሰት ጉዳት አንጠልጥለን ኖሯል።

በዚያው ሳምንት በጉባኤያችን ስለ ጀሪካኑ ስንነጋገር አንዲት እኅታችን ተነሥታ «በፋሲካ የጎበኘናቸውን እማማን ከዚያ ወዲህ ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም አቀረቀርን። ያን ዕለት ቤታቸውን ጠርገን፣ ልብሳቸውን አጥበን፣ ዳቦና ቡና ሰጥተን «እንመለሳለን» ብለናቸው ነበር።

በማግሥቱ ሄድን። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ስትመለሱ አብረን እንጠጣዋለን ብዬ ቡናውን ሳልነካው አስቀምጬላችኋለሁ» ብለው ከነመቋጠሪያው አወጡት። ከዚያ ይልቅ ቢቆጡን በተሻለን ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር በቅዱስ ወንጌል እንመልከተው። በማቴዎስ 10፥29 ሁለት ድንቢጦች በአንድ ሳንቲም ይሸጣሉ፤ በሉቃስ 12፥6 ደግሞ አምስቱ በሁለት ሳንቲም። እንግዲህ አምስተኛዋ ምራቂ ናት፤ በገበያ ዋጋ የላትም። እግዚአብሔር ግን ምራቂዋን እንኳ አይረሳም። የእርሱ ምግብና ከአለመርሳቱ አይለይም፤ የእኛ ግን ተለይቶ ተገኘ። መስቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሰውም ያየዋል። ማጠብ ግን የየሳምንቱ ነው፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ምሕረታችን የሚፈተነው ግን በዚህ በሁለተኛው ነው።

ስለዚህ አሁን ተራ አውጥተናል። ሁልጊዜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን ጀሪካኑን በሙቅ ውኃ እናጥባለን፤ በደንብ ካደረቅነው በኋላ በቀን የሚያልቀውን ያህል ብቻ እንጨምራለን፤ ጨውና በርበሬ የነካው ትርፍራፊም አናስገባበትም። ከዚያም እነዚያው ሁለቱ ወደ እማማ ቤት ይሄዳሉ። ቡናው ተፈልቶ አልቋል፤ ሌላም ተተክቷል።

እናንተስ? በበዓል ቀን ሰቅላችሁ የረሳችሁት ነገር ካለ ዛሬ አውርዳችሁ እዩት። ያስጀመረን አምላክ ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።