የነህምያ ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ በሪያድ በሰው ቤት የምንሠራ ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ሥልጠና ወስደናል። የማሽኑን አያያዝ፣ ለማዳም የሚቀርበውን ሰላምታ ተማርን። ፊታችሁን አታጥቁሩም ተባልን። ምክሩ አይጠላም።

ነህምያም ይህን ያውቅ ነበር። በሱሳ ለንጉሡ ለአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሆኖ ሲያገለግል በፊቱ አዝኖ ታይቶ አያውቅም። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰማ፤ በኒሳን ግን ፊቱ አሳበቀበት። ንጉሡ ምን ሆነሃል ሲለው እጅግ ፈራ።

እኛ እዚህ ላይ «ማፊ ሙሽኪላ» ብለን ወደ ማድ ቤት እንገባለን። ደመወዝ ቢያዝም፣ እናት ብታርፍም፣ ማፊ ሙሽኪላ! እርሱ ግን ንጉሡን አክብሮ እውነቱን ነገረው። ንጉሡ ምን ትለምናለህ ሲለው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። የሚፈልገውንም ለይቶ ጠየቀ፤ ፈቃድ፣ ለአገረ ገዦች ደብዳቤ፣ ለበሮቹ እንጨት። የሚቆይበትንም ጊዜ ቆርጦ ተናገረ።

አሠሪ ሁሉ አርጤክስስ አይደለም። በር ተቆልፎባት፣ ስልኳ ተወስዶባት ዝም ባለች እኅት አንፈርድም።

ከመካከላችን አንዲቱ የእናቷን መርዶ በሰማች ማግስት እንዲሁ ጸልያ የሁለት ወር ደመወዟንና የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች። ደመወዙን ሰጥተዋታል፤ ፈቃዱን ገና እየጠበቀች ነው። በጸሎታችሁ አስቧት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።