ተደጋጋሚ ድንጋጤ የእምነት ጉድለት ነውን?

ያለ ግልጽ ምክንያት በድንገት ተነሥቶ ልብን በኃይል የሚያስመታ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርና «አሁን መሞቴ ነው» የሚያሰኝ ድንጋጤ ሲደጋገም፣ ይመለሳል የሚለው ስጋትም ኑሮን ሲያጠብ፣ ሐኪሞች ፓኒክ ዲስኦርደር ይሉታል። ድንጋጤው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ አይሎ ይበርዳል፤ አማኝ የሆነውን ታማሚ ግን ሕመሙ ካለፈም በኋላ አንድ ጥያቄ አይለቀውም፤ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው እንዲህ ሊፈራ ይገባልን?

ጥያቄው በሻሸመኔና በአጠገቧ ባለችው በኩየራ ዙሪያ ይከብዳል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሰዎች ተገድለዋል፣ ቤትና ንብረት ተቃጥሏል። ይህን ያየ ሁሉ አይታመምም፤ የፓኒክ ታማሚም ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። ሆኖም ትራውማ፣ ማለትም ሞትን ወይም ጥቃትን ከማየት የሚመጣ የሥነ ልቦና ቁስለት፣ ሰውነት አደጋን የሚያውቅበትን ስሜት ከልክ በላይ ስል ያደርገዋል፤ በዚያ ሁከት ጊዜ በሽሽት ልቡ የመታበት ሰው ከወራት በኋላ ዳገት ሲወጣ የሚሰማውን የልብ ምት የሞት ምልክት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ይህም ፍርሃትን፣ ፍርሃቱም የባሰ የልብ ምትን ይወልዳል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የገለጸው ይህንኑ ዙር ነው። ኃጢአት ፈቃድን ይሻል፤ ይህ ድንጋጤ ግን ፈቃድን ቀድሞ ይደርሳል፤ በጌቴሴማኒ የተጨነቀውን፣ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ የወረደውን ክርስቶስን የሚያመልክ ምእመን የሰውነት መጨነቅ ብቻውን የክህደት ማስረጃ ነው ሊል አይችልም።

የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ዘዴ ታማሚው የፈራውን ስሜት፣ ለምሳሌ ባለበት በመሮጥ፣ ሆን ብሎ እንዲቀሰቅስና ሳይሸሽ እንዲቆይ፣ በዚህም የልብ ምቱ እንደማይገድለው እንዲማር ያደርጋል፤ ከሥሩ ትራውማ ካለም ትዝታው በጥንቃቄ ይታከማል። እዚህ ላይ ከባዱ ነገር የጸሎት ነው። የልብ ምት በተሰማ ቁጥር ስሜቱን ለማባረር ብቻ የሚደገም ጸሎት ራሱ ሽሽት ሆኖ ፍርሃቱን ሊያጸና ይችላል፤ «በዚህ ውስጥ ከእኔ ጋር ሁን» የሚል ልመና ግን ታማሚውን ከፍርሃቱ ጋር ያቆየዋል፣ ከሕክምናውም አይጣላም። እምነትና ሕክምና አብረው መሄዳቸውም አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ ሲናገሩ ጸበሉን አላሳነሱም፤ አድቬንቲስቶች ኮሌጅ ባቆሙባት ኩየራም ሕክምናን ከአገልግሎት የሚቆጥር እምነት የቆየ ነው፤ ከእምነት ጋር የመታከም ፈቃድ ለልብ ፍርሃትም እንዳይሰጥ የሚከለክል የእምነት ምክንያት አልተገኘም።