የጦር ጉዳተኛው ቤት፦ ሰደቃ ነው ወይስ ዕዳ?

 

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው አገሩ ልካው ጦር ሜዳ ሄደ። እግሩን ወይም ዓይኑን እዚያ ትቶ ተመለሰ። አገሪቱ ለዚህ ሰው መጠለያ ስትሰጠው የምትሰጠው ሰደቃ ነው ወይስ ዕዳዋን እየከፈለች ነው? ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ወገን ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ሰደቃን ሰጪው በፈለገ ጊዜ፣ የፈለገውን ያህል ይሰጣል፤ ቢያቆምም የሚከሰው የለም። ዕዳ ግን ልክ አለው፣ ቀን አለው፣ ባለዕዳው እያለው ቢያጓትት በዳይ ይባላል። ሰደቃ የሚቀበል ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ዕዳውን የሚቀበል ሰው ግን ቀና ብሎ ይቀበላል።

እኔ ዕዳ ነው እላለሁ። ስለዚህም ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለአንባቢያን ብቻ ሳይሆን፣ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለተሰጣቸው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትም ጭምር ነው።

በቅድሚያ ስለ ቤት ምንነት ጥቂት ልበል። አላህ በሱረቱ ነሕል ከዘረዘራቸው ጸጋዎች አንዱ ቤታችንን የመርጊያ ስፍራ ማድረጉ ነው። በዐረብኛ ቤት «መስከን» ይባላል፤ ሰው የሚሰክንበት፣ የሚያርፍበት ማለት ነው። እኛም በአማርኛ «ምስኪን» የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ምስኪን ችግር ካለበት ቦታ እንዳይነቃነቅ ያደረገው ሰው ነው። ሁለቱም መርጋት ነው፤ አንዱ ግን ዕረፍት ሲሆን ሌላው እስራት ነው። እግር የሌለውን ሰው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብታስቀምጡት ቤት ሰጣችሁት ይባላል፤ የሰጣችሁት ግን መስከን አይደለም፤ ራሱን ምስኪን አደረጋችሁት እንጂ።

ይህ ምሳሌ ከሐሳብ የመነጨ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና በደረጃ ብቻ የሚወጡ ናቸው። በቀበሌ ቤት የሚኖረውም ቢሆን መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፣ የጋራ ነው፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን በር የለውም። በግል ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ የጡረታ አበሉ ለኪራይ ካለቀ ምግቡን የሚያገኘው ከሰው እጅ ነው። ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ በየመስጊዱ በር ክራንቹን አጠገቡ አስተኝቶ እጁን የሚዘረጋውን የቀድሞ ወታደር የማያውቅ ከእኛ መካከል ማን አለ? በሱረቱል ፈትሕ አላህ ዕውሩን፣ አንካሳውንና በሽተኛውን ከዘመቻ ግዴታ ነፃ አድርጓቸዋል። ይህ ሰው ሙሉ አካል ይዞ ዘምቶ አላህ ሸክም ካቃለለላቸው ሰዎች መካከል ሆኖ ተመለሰ። አላህ ያቃለለለትን ሰው እኛ የአራት ፎቅ ደረጃ ልናሸክመው ይገባልን?

«ለአካል ጉዳተኞች እኮ ድርሻ ተይዞላቸዋል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተለይቶ ሲወጣ አይተናል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዕጣው የሚወጣው በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ሲቆጥቡ ለቆዩ ሰዎች ነበር። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲጀመር የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር በ2005 የ12 ዓመት ተማሪ ነበር። በምን ይመዝገብ? በምን ይቆጥብ? ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው የቁጠባ ደብተር ስላልነበረው ወረፋው ያልፈዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም የሚናገር አይደለም። በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው የዕዳ አንቀጽ ነው። አላህ በዚህ አንቀጽ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው እንዲያስተካክል፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ያልተጻፈ ዕዳ ቀስ በቀስ ሰደቃ ይሆናል፤ ሰደቃውም ቀስ በቀስ ይረሳል። ለጦር ጉዳተኛው በየበዓሉ ንግግር ይደረግለታል፣ ጀግና ይባላል፣ ጭብጨባ ይቸረዋል። ጭብጨባ ግን ጣሪያ አይሆንም። ሕግ አውጪ ማለት ደግሞ በአገር ስም ዕዳን የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። ካልጻፈው ሥራውን አልሠራም።

ይህን ቀደምቶቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዲዋን የተባለውን መዝገብ ሲያቋቁሙ የተዋጊዎችና የቤተሰቦቻቸው አበል በስም እየተጻፈ በየዓመቱ እንዲከፈል አድርገዋል። በሂጅራ ከ86 እስከ 96 ዓመት የገዛው ወሊድ ኢብን ዐብደልመሊክም ጉዳተኞች እንዳይለምኑ አበል ቆርጦ ለዕውሩ መሪ፣ መራመድ ለማይችለው አገልጋይ መድቦ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ።

አንደኛው «አገራችን ድሃ ናት» የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን ድጋፍ በአገሪቱ አቅም ወስኖታል። ይሁን። በእስልምናም የተቸገረ ባለዕዳ እስኪገላገል ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል። ነገር ግን ጊዜ መስጠት ዕዳውን መሰረዝ አይደለም። ያለው ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ከተማ ሲያምር፣ መንገድ ሲሰፋ እኔም ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ለማስዋብ ገንዘብ ያገኘ ባለዕዳ ለከፋይነት ድሃ ነኝ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው «ቤት የሌለው እሱ ብቻ ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። መበለቷም፣ የቀን ሠራተኛውም ቤት የላቸውም፤ የእነርሱም መብት በሌላ በኩል ይጠበቅ። ነገር ግን አበዳሪ ሊቀበል ሲመጣ «ካንተ የባሰ ድሃ አለ» ብሎ መመለስ ፍትሕ አይደለም። ችግራቸው አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ይለያል፤ ይህኛው ቤት የመሥራት አቅሙን ያጣው እኛ ልከነው ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ «የየትኛው ጦርነት ወታደር?» የሚለው ነው። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አውጥቶ ወጣቱን በግዳጅ አዘመተ። በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ተበተነ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ ኋላም በሰሜኑ ጦርነት ሌሎች ተተኩ። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ጉዳተኛ ያወድሳል፤ የቀደመውን ይረሳል። የእስልምና የውርስ ሕግ ግን ግልጽ ነው። ወራሾች ከመከፋፈላቸው በፊት የሟች ዕዳ ይከፈላል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳውን የሚሸከም ሰው እስኪገኝ ድረስ በባለዕዳ ሟች ላይ ከመስገድ የተቆጠቡበት ጊዜ ነበር። ቤተ መንግሥቱንና ግምጃ ቤቱን የወረሰ መንግሥት እንዴት ዕዳውን ብቻ አልወርስም ይላል? የተቆረጠ እግር በየትኛው ባንዲራ ሥር እንደተቆረጠ አይጠየቅም። በሌላ ወገን ተሰልፈው የነበሩትም ቢሆኑ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊመለሱ ቃል ተገብቶላቸዋል። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዕቅድ አውጥቷል። ቃል ኪዳንን መሙላት ደግሞ የአላህ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት! የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ዘመንና ወገን ሳይለይ የጦር ጉዳተኞች ሁሉ የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ በአዋጅ ይቋቋም። ከአጠቃላዩ የአካል ጉዳተኞች ድርሻ ሳይቀነስ የራሳቸው ድርሻ በቁጥር ይወሰን፤ የሚሰጣቸውም የምድር ወለል ቤት ይሁን፤ የቁጠባ ቅድመ ሁኔታም ይነሳላቸው። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሚያስተዳድራቸው የኪራይ ቤቶች ሲለቀቁ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ቤት እስኪደርሳቸው ድረስ የኪራይ ድጎማ ከጡረታ አበላቸው ጋር ይከፈል። ለበር ማስፊያና ለመጸዳጃ ማስተካከያ ወጪ ይመደብ። ብድር የሚያስፈልግ ከሆነ ሙስሊሙ ጉዳተኛ በሃይማኖቱና በጣሪያው መካከል እንዳይመርጥ ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ በሕጉ ውስጥ ይቀመጥ። ጉዳተኛው ሲሞት ቤቱ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይጽና። በየዓመቱ ሐምሌ 1 ከሚጀምረው በጀት በፊት ስንት እንደተከፈለ፣ ስንት እንደቀረ በምክር ቤቱ ፊት ይነበብ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የመንግሥት የቤት ፕሮግራም ለእነርሱ ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል፤ የጠየቅሁት አዲስ ነገር አይደለም።

ለእኛ ለሙስሊሞችም አንድ ቃል አለኝ። ዕዳው የመንግሥት ነው ማለት እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት አይደለም። በየአካባቢያችን ያለውን የጦር ጉዳተኛ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል እንወቀው። ደረጃውን በድንጋይና በሲሚንቶ ወደ መወጣጫ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለምክር ቤት የመረጥነውን ሰው ስለ ጉዳዩ መጠየቅም የእኛ ኃላፊነት ነው፤ የዕዳው አንቀጽ ምስክር ሲጠራ እምቢ እንዳይል ያዛልና። ምስክሮቹ እኛ ነን።

አላህ የሚገባውን ለባለመብቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።