ቅጂ የሚዋሸው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1962 የቀድሞው የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ካሮል ሼልቢ ኮብራ የተባለችውን ስፖርት መኪና ለዓለም ሲያስተዋውቅ በእጁ የነበረችው አንዲት መኪና ብቻ ነበረች። አንዱ መጽሔት ነድቶ ሲመልሳት ሌላ ቀለም ትቀባና ለሚቀጥለው ትሰጣለች፤ አንባቢው ፋብሪካው መኪና በመኪና ላይ እያወጣ ያለ እንዲመስለው። ያቺው መኪና፣ የሻሲ ቁጥሯ ሲኤስኤክስ 2000፣ በ2016 አሜሪካ ሞንተሬይ ላይ በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። በኮብራ ዘር ውስጥ ኦሪጅናል የሚባል ካለ የሁሉ በኩር እሷ ናት። ሆኖም ወደ ሰው ፊት የወጣችው ብዙ መኪና መስላ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች በቤታቸው ጋራዥና በትንንሽ ፋብሪካዎች የዚህችን መኪና ቅጂ ይሠራሉ። በ1960ዎቹ የተሠሩት ኮብራዎች አንድ ሺህ ገደማ ናቸው፤ ቅጂዎቹ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። የኦሪጅናሉ ቦዲ አሉሚኒየም ሲሆን የአብዛኞቹ ቅጂዎች ፋይበርግላስ ነው። በመንገድ ስታልፍ ለሚያያት ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። አዋቂው ግን ጠጋ ይልና ኮፈኖዋን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ የላሜራ ድምፅ ሲያጣ «ፎርጅድ ናት» ብሎ ይሄዳል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ቅጂ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ሐሰተኛ መሆን ሌላ። ሐሰት አለ ከተባለ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ተገኝቶ መታየት አለበት፤ ቅርጹ ላይ፣ ቁሱ ላይ፣ ወይም ሌላ ቦታ።

የኮብራ ቅርጽ ከመነሻው የሼልቢ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ዲተን ኤሲ ካርስ የተባለ ኩባንያ ኤስ የምትባል ቀላል ስፖርት መኪና ይሠራ ነበር፤ ሞተር የሚያቀርብለት ብሪስቶል ማምረቱን ሲያቆም ግን መኪናዋ ባዶ ልትቀር ሆነ። በ1959 በአስተን ማርቲን የለ ማንን ውድድር ያሸነፈውና በልብ ሕመም ምክንያት ከእሽቅድምድም የወጣው ሼልቢ በዚህ ጊዜ ለኩባንያው ጻፈ፤ የአሜሪካ ቪ-8 ሞተር እንግጠምባት አለ። ሞተሩን ፎርድ ሰጠ። ስለዚህ ኦሪጅናል የምንላት ኮብራ ራሷ የእንግሊዝ ቦዲ፣ የአሜሪካ ሞተርና የአንድ ሰው ድፍረት ተገጣጥመው የፈጠሯት ናት። ቦዲውንም ማሽን አንድ ዓይነት አድርጎ አላተመውም። የላሜራ ባለሙያዎች አሉሚኒየሙን በመዶሻ እየቀጠቀጡ፣ በሁለት የብረት ጎማዎች መሃል እያመላለሱ ነው ያወጡት። የግራው ፓራፋንጎ ከቀኙ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፣ የአንዷም መኪና ከሌላዋ ጋር። እንግዲህ የዛሬው ሠሪ አንዱን ጎን በኮምፒውተር ለክቶ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ወደ ሌላው ቢገለብጠው፣ ከኦሪጅናሎቹ ሁሉ ይልቅ የተስተካከለች ኮብራ ያወጣል፤ በዚያው መጠንም ከኦሪጅናሎቹ ይርቃል። ጠማማነቱን ቢያስቀር ደግሞ የማንን ጠማማነት ነው የሚያስቀረው? የሚገለበጠው ነገር ራሱ አንድ አይደለም።

ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ አስመሳዩን ከእውነት ሦስተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። አልጋ የሚሠራው አናጺ አልጋ ምን እንደሆነ በመጠኑ ያውቃል፤ አልጋ የሚሥለው ሠዓሊ ግን መልኩን እንጂ ነገሩን አያውቅም፤ ይህ ነው ክሱ። ከባድ ክስ ነው፤ ሚዛኑም እንደ እኔ ትክክል ነው። አንድ ቅጂ ሊጠየቅ የሚገባው ኦሪጅናሉን ምን ያህል መሰለ ተብሎ ሳይሆን ሠሪው ምን አወቀ ተብሎ ነው። እንግዲህ ፋይበርግላስ ቦዲ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያውቅ ቀርበን እንይ።

መጀመሪያ የሚሠራው መኪናውን አይደለም። በፎም፣ በእንጨትና በስቱኮ የመኪናውን ሙሉ ቅርጽ ያቆማል፤ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ወደ ለስላሳው እየተሻገረ ይልገዋል። ከዚያ ረጅም አምፖል ከላይ አብርቶ፣ ነጸብራቁ በፓራፋንጎው ጀርባ ላይ እንደ ክር ሲሄድ ያያል። ክሩ የተሰበረበት ቦታ እጅ የሳተው፣ ዓይንም ያላየው ጉድጓድ አለ። ቅርጹ ሲያልቅ ሰም ይቀባና በላዩ ሞልዱን ያወጣል፤ ጎድጎድ ያለ የመኪና ተገላቢጦሽ። ቦዲው የሚሠራው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በመጨረሻ የሚታየው ገጽ ቀድሞ ይቀባል፦ ጄልኮት፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ። ቀጥሎ በካሬ ሜትር 300 ወይም 450 ግራም የሚመዝን የመስታወት ክር ምንጣፍ ይነጠፍና ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ሬዚን ይጠጣል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ማጠንከሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ሲበዛ ይግልና ይሰነጣጠቃል፣ ሲያንስ ሳይደርቅ ይቀራል። ነጩ ምንጣፍ ሬዚኑን ሲጠጣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጭ ሆኖ የቀረው ነጥብ አየር ነው፣ በሮለር ተዳምጦ መውጣት አለበት። ፖሊስተር ሬዚን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ የቸኮለ ሰው ገና ሳይጠና ከሞልድ ያወጣው ፓራፋንጎ ቆይቶ ፀሐይ ሲመታው የምንጣፉን ክሮች በቀለሙ ላይ ያሳያል።

ይህን የሠራ ሰው ኮብራን የሚያውቃት ገዝቶ ከሚነዳት ሰው በላይ ነው ብል አላጋነንኩም። የ1965ቷ ባለ 7 ሊትር ኮብራ ፓራፋንጎ ለምን እንደዚያ እንዳበጠ ፎቶ አይነግረውም። ጎማውን ገጥሞ መሪውን ሲያዞር ግን ሰፊው ጎማ ቦታ እንደሚፈልግ ያያል፤ ውበት ያለውን እብጠት የወለደው ጎማው ነው። ፕላቶ ሠዓሊውን የከሰሰው ነገሩን ስላላወቀ ነው፤ ይህ ሰው የሠራት መኪና ግን መንገድ ላይ መሄድ፣ በሯም መዘጋት አለበት። አናጺው ጎን እንጂ ሠዓሊው ጎን አላስቀምጠውም።

ቁሱስ? ፋይበርግላስ የድሃ አሉሚኒየም ነው የሚል ንቀት አለ፤ ታሪኩን ያላየ ንቀት ነው። በ1953 ፍሊንት ሚሺጋን ውስጥ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች ቦዲያቸው ፋይበርግላስ ነበር። ከ1966 እስከ 1969 ለ ማንን በተከታታይ ያሸነፈው ፎርድ ጂቲ40ም እንዲሁ። ቁሱ በራሱ ማንንም አያታልልም።

ብራና የሚጽፍ ደብተራ መዝሙረ ዳዊትን ከሌላ ብራና ሲገለብጥ ማንም አስመሰልክ አይለውም። ፊደሉ ሳይሳሳት ከተገለበጠ መዝሙሩ ያው መዝሙር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባሳተመው «የጥበብ ቋንቋዎች» ጥበቦችን በዚሁ መስመር ከፍሏቸዋል፦ በአንዳንዶቹ ትክክለኛ ቅጂ ሥራው ራሱ ነው፤ በሌሎቹ፣ እንደ ሥዕል ባሉት፣ የትኛው እጅ መቼ ነካው የሚለው ታሪክ ካልተያዘ ሥራው አልተያዘም። መኪና ከሁለቱም ወገን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግራ የሚያጋባንም ይኸው ነው። ቅርጹ እንደ መዝሙሩ ይገለበጣል። ታሪኩ፣ ማለትም በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሜዳ፣ በዚህ ሰው እጅ የሆነው ነገር፣ አይገለበጥም። ሰው ቅርጹን ወስዶ ታሪኩንም የወሰደ ሲመስለው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሕግም ጥያቄው ገጥሞታል። የእንግሊዝ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ክፉኛ የተለወጠ መኪና የቀድሞ ታርጋውን ይዞ እንዲቀጥል ወይም እንዲነጠቅ ለብዙ ዓመታት በነጥብ ሲወስን ነበር። ሻሲው ወይም ራሱን የቻለው ቦዲ 5 ነጥብ፤ ሰስፔንሽን፣ አክስል፣ ካምቢዮና መሪ እያንዳንዳቸው 2፤ ሞተር 1። 8 ያልሞላው የቀድሞ ማንነቱን ያጣ ነበር፤ ዕድሜው ወይም ማንነቱ በውል የማይታወቅ ከሆነም «ኪው» ፊደል ያለበት ታርጋ ይሰጠዋል። ይህን ሰንጠረዥ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሁላችን የመኪና ልብ የምንለው ሞተር አንድ ነጥብ ብቻ አገኘ። እንደ ኮብራ ሻሲው ለብቻው በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ዓይን የሚያየው ቆዳ ምንም አላገኘም። መሥሪያ ቤቱ በደረቅ ቋንቋው ማንነት መልክ ላይ አይደለም አለ። እስማማለሁ። የኪውን ታርጋም ብዙ ባለቤቶች እንደ ነውር ሲያዩት እኔ የማከብረው ነገር ነው፤ ይህች መኪና ከየት እንደመጣች በደንብ አይታወቅም ብሎ በግልጽ የሚናገር ብረት ነውና።

ቶማስ ሆብስ በ1655 የቴሴዎስን መርከብ ጥያቄ አክርሮት ነበር። ጣውላው አንድ በአንድ የተቀየረለት መርከብ ያው መርከብ ነው እንበል፤ የወለቁትን አሮጌ ጣውላዎች አንድ ሰው ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራባቸውስ? በመኪና ዓለም ይህ ጨዋታ አይደለም። ከተሰባበረች ውድ መኪና አንዱ ሻሲውን፣ ሌላው ሞተሩንና የቁጥሩን ሰሌዳ ይወስዳል፤ ሁለቱም ይገነባሉ፣ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይምላሉ። የጥሉ ምንጭ ቅርጹ አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። ሼልቢ ራሱ በ1990ዎቹ አዳዲስ ኮብራዎችን መሸጥ ሲጀምር፣ አንዳንዶቹም ፋይበርግላስ ነበሩ፣ ቁጥራቸውን ከሲኤስኤክስ 4000 አስጀመረ። በዚህ ቁጥር ማንም ገዢ የ1965 መኪና ገዛሁ ብሎ ሊሳሳት አይችልም።

በ2019 የቦሎኛ ፍርድ ቤት የፌራሪ 250 ጂቲኦን ቅርጽ እንደ ጥበብ ሥራ ቆጥሮ ከቅጂ ጠበቀው። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ናቸው፤ ቦዲያቸውን የሞዴናው ስካሊዬቲ በእጅ ስላስቀጠቀጠ ሁለት አንድ ዓይነት የሉም። በሌላው ቅርጽ ነግዶ ማትረፍን መከልከል ፍትሕ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ስለ ገበያ ነው። ጋራዡ ውስጥ ለራሱ የሚሠራውን ሰው ግን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ነውር የምለው ሌላ ነገር አለ፦ የሌላ ሠሪ ቦዲ ላይ ሰም ቀብቶ፣ ሳያስፈቅድ ሞልድ ማውጣት። እንዲህ ያደረገ ሰው ቅርጹን አላጠናም፤ የሰውን ድካም ወሰደ። ሞልድ ደግሞ ጉድለትን አይረሳም፤ የመጀመሪያው ሠሪ የሳተው ጉድጓድ በሌባው ቦዲ ላይም ወጥቶ ይመሰክራል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፣ ቀላልም አይደለም። ቅጂ የሚነዳ ሰው ያልዘመተበትን ሜዳይ እንደሚያደርግ ሰው ነው ይባላል፤ ሕዝቡ ዞሮ ሲያየው የሚደሰተው በሰው ክብር ነው። እውነት አለበት፤ የኮብራን ቅርጽ የምናከብረው በከፊል ስላሸነፈች ነው። ነገር ግን በኮብራ ላይ ሜዳዩ የፓራፋንጎው እብጠት አይደለም። ሜዳዩ ሻሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ነው። «የማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ ነኝ የሠራኋት» የሚል ሰው ከማንም ምንም አልሰረቀም። ዝም የሚለው፣ ጠያቂው ራሱ እንዲሳሳት የሚተወው ግን መዋሸት ጀምሯል፤ መኪናዋ ከቀኝ ከግራ ፍጹም ብትሆን እንኳ።

ስለዚህ ቦዲ የምትሠራ አንባቢ ካለህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የመጨረሻውን ምንጣፍ ከጠቀጠቅህ በኋላ፣ ሬዚኑ ሳይደርቅ፣ በስስ ወረቀት ላይ ስምህን፣ ዓመቱንና ቦታውን ጽፈህ አስቀምጥበትና በላዩ ሬዚን ቅባበት። ወረቀቱ ሬዚኑን ጠጥቶ ይጠፋል፤ ጽሑፉ ይቀራል። ኮፈኖው በተከፈተ ቁጥር ይነበባል፤ ከአንተ በኋላ የሚገዛት ሰውም ሊፍቀው ቢነሳ ቦዲውን ሳይሰብር አይሆንለትም።